ቅሬታዎ ደርሶናል

ካቻቢቴ ጥገና ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛ ስር ገብቶ የወደቀች ብሎን በመዳፉ እየዳሰሰ ሲፈልግ ነው የመጣችው። መጀመሪያ ያየው ጫማዋን ነበር። ከዚያ የቀሚሷን ጠርዝ አየ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ተንጠልጥሎ የቀረ ነጭ ክር። ማን እንደሆነች ለማየት ቀና ሲል ጠረጴዛውን ረስቶት ነበር። ጠረጴዛው ግን አልረሳውም።

«እኔን!» አለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰው ሲመታ ያየ ሁሉ «እኔን» ይላል። እንደ ሰላምታ ሳያስቡት ከአፍ የምትወጣ ቃል ናት። እሷ ስትላት ግን የእውነት እሷን ያመማት መሰለው። ግንባሩን እያሸ ወጣና አያት። 

«ምን… ምን ልርዳዎት?»

«እርስዎ?» አለች። «ስንት ዓመት ሰጠኸኝ?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ካቻቢቴ ብለው ስም ያወጡለት የሰፈር ሰዎች ናቸው። ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይውላል፣ ሰክቶትም ይረሳዋል። አንድ ጊዜ ቀብር ላይ እንኳ ጆሮው ላይ እንደሰካው ቆሞ ሲያለቅስ ታይቷል ይባላል። የተበላሸ ኮምፒውተር ሲያመጡለት «ቆይ እስቲ» ብሎ ይከፍትና በዚያው ቀልጦ ይቀራል። ከሰው ጋር ማውራቱን ግን አልታደለም።

ሴትየዋ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ገለጠችው። አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ያ በሆዱ ተኝቶ ስክሪኑን በጀርባው የሚሸከመው ጠፍጣፋ ዓይነት። ፊቱ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል። አናቱ ላይ ትኩስ ስኒ ሲቀመጥበት የኖረ ክብ ምልክት አለ። ጎኑ ላይ ረጅም ጭረት፣ ማብሪያው ላይ ደግሞ ጣት በልቶት የጎደጎደ ቦታ ይታያል።

ልብስ ሰፊ እንደሆነች ነገረችው። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር ስለሌለ በራሷ ሙያ ብታስረዳው እንደሚሻል ተናገረች።

«ገበሩ አልቋል» አለች እጇን ቆርቆሮው ላይ አድርጋ። «ገበሩን ቀይርልኝ። ጨርቁን እንዳትነካው።»

ነገሩ ገባው። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ አዲስ ይክተትበት፣ መልኩ ግን እንደነበረ ይሁን ማለቷ ነው። ይህ በድሮ ጫማ የዛሬ እግር ማስገባት መሆኑን፣ አዲስ ኬዝ ብትወስድ ቀላል እንደሚሆን ሊያስረዳት ሞከረ። አንገቷን ነቀነቀች። ለምን ብሎ ሲጠይቃት ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች።

«የሚወደው ሰው አለ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

የካቻቢቴ ልብ ዝቅ አለ። ገና አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ ሳይሞላ ነበር ልቡ ከፍ ብሎ የነበረው፤ እና ዝቅ ለማለትም አልዘገየም።

*

ሥራው አስቸጋሪ ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። አሮጌውን ማዘርቦርድ ሲያወጣው አዲሱ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎችና የቆርቆሮው ቀዳዳዎች ጭራሽ አይተዋወቁም። እየለካ አዲስ በሳ። የኋላው መስኮት ለአዲሶቹ መሰኪያዎች ስለጠበበ በሴጌቶ ቆርጦ፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰው። ማብሪያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። የድሮው ማብሪያ ሲጫኑት «ቋ» ብሎ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የዛሬው ነካ ተደርጎ መለቀቅ ይፈልጋል፣ ተጭኖ ከቀረ መልሶ ይጠፋል። ከእስክሪብቶ ውስጥ ስፕሪንግ አውጥቶ ከኋላው አስገባለትና «ቋ» እያለ የሚመለስ አደረገው።

እሷ በመንገዷ ጎራ ማለት አበዛች። መጀመሪያ «ደረሰ ወይ?» ብላ ነበር የምትመጣው፤ በኋላ ቁጭ ማለት ጀመረች። እሱ ሲሞርድ እሷ ጉልበቷ ላይ የአንዱን ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋለች። ብረት ሰፊ ብላ ቀለደችበት። እሱም አንድ ቀን እንደምንም ደፍሮ ትከሻዋ ላይ የቀረ ክር አነሳላት፤ ከዚያ ክሩን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ከተተው። አየችው። አላየሁም ብላ ወደ መርፌዋ ተመለሰች፣ ፈገግታዋ ግን አልደበቅ አላት።

ያ «የሚወደው ሰው» ግን በመሃላቸው ተቀምጧል። አንዳንዴ ሳታስበው ታነሳዋለች። ቀኑን ሙሉ ስለ ኮምፒውተሩ እንደሚጠይቅ፣ እሱ ከሌለ ምግብም በወጉ እንደማይበላ፣ ብድግ ብሎ ሲወጣም ሥራዋን ጥላ ከኋላ ከኋላው እንደምትሮጥ ትናገራለች። ካቻቢቴ ይህን ሲሰማ ጥርሱን ይነክሳል። እንዴት ያለ ሞልቃቃ ባል ነው፣ በአንድ ኮምፒውተር ሴት የሚያንከራትት! ጣቷ ላይ ቀለበት የለም። ቢጠይቃት በአንዲት ቃል ነገሩ ባለቀ ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እሱ ግን መልሱን ፈራ። አለመጠየቁን እንደ ጨዋነት ቆጠረው።

ሥራው ሲያልቅ ቁጭ ብሎ አየው። ውስጡ አዲስ ነው፣ ያበራል፣ ይፈጥናል። ፊቱ ግን ያው ቢጫ፣ ያው ጭረት። «ጨርቁን እንዳትነካው» ያለችው ትዝ አለው። እንዲህ ያለችው ይሉኝታ ይዟት ነው፣ እንዳላደክመው አስባ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ከዚያ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ ልጆቼ፣ እሱም ቢሆን አላጣውም። ያ ሰውዬ ማብሪያውን ሲጫን እሷ የማን እጅ ጋ ስትመላለስ እንደከረመች ይወቀው አለ በልቡ።

ብርጭቆ ወረቀቱን አነሳ። ጭረቱን ፈገፈገው። የስኒውን ክብ ፈገፈገው። ቢጫው ሁሉ ዱቄት ሆኖ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። ከዚያ እንደ ወተት የነጣ ቀለም ረጨበት። የጎደጎደውን ማብሪያ ነቅሎ አዲስ ተከለለት። ነቅሎ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ፣ ብረታ ብረት ሰብሳቢው በጋሪው ሲያልፍ ጫነለት። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ሙሽራ መሰለ።

በማግስቱ መጣች። አንሶላውን ገለጠላት፣ ፊቷን ለማየትም ፊት ለፊቷ ቆመ።

ጎንበስ አለች። ከዚያ አንድ ጣቷን ዘርግታ የስኒው ክብ የነበረበትን ቦታ ዳሰሰች። እንደ ዓይነ ስውር መልሳ ዳሰሰችው።

«የት አደረግኸው?» አለች።

«ይኸው እኮ ነው…»

«ጨርቁን እንዳትነካ ብዬህ አልነበር?»

ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የሚባል ነገር የለም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እንዲያምር ብዬ ነው» አለ። «ለባለቤትሽ…»

«ለየትኛው ባለቤቴ?» ቀና ብላ አየችው። «የአባቴ ነው።»

*

ያኔ ሁሉንም ነገረችው። አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በውሃ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ሆነው ነው። ውሃ ጠፋብኝ፣ ቧንቧ ፈነዳብኝ፣ ያለ አግባብ ተቆረጠብኝ ያለ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፣ ለያንዳንዱም መልስ ይጽፋሉ። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ያንን ቢጫ ኮምፒውተር አብሮ ሸኛቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ግን አእምሯቸው ነገር መጣል ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ስም፣ ቀጥሎ ሰው። ያልጣሉት ያን ኮምፒውተር ብቻ ነው። ጠዋት ክራባታቸውን አስረው ይቀመጡበትና ማንም ላላቀረበው ቅሬታ መልስ ሲጽፉ ይውላሉ። እዚያ እስከተቀመጡ ሰላም ናቸው። ከተበላሸ ወዲህ ግን መሥሪያ ቤታቸውን ፍለጋ ይወጣሉ። መሥሪያ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። አንድ ቀን ትልቁ መንገድ መሃል ቆመው መኪኖቹን በትህትና ሲያሳልፉ አግኝታቸዋለች።

ታላቅ ወንድሟ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ነገር ሳይሆኑ መጦሪያ ይግቡ፣ ንጹህ ቦታ አግኝቼላቸዋለሁ ብሏል። እሷ ደግሞ ኮምፒውተሩ እስኪሠራ ታገሠኝ ብላ ለምና፣ በወሩ መጨረሻ መጥቶ ሊያይ ተስማምተዋል። አባቷ ከተረጋጉ ከቤታቸው አይወጡም። ካልተረጋጉ ይዟቸው ይሄዳል።

«ታዲያ ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?» አለ ካቻቢቴ።

«አባቴን ሰው እንዲያወራባቸው አልፈለግሁም።»

አንሶላውን አነሳችና ነጩን ኮምፒውተር ጠቀለለችው። ልርዳሽ ሲላት ዝም አለች፤ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ተሸክሞ ከኋላዋ ሄደ።

በቤታቸው የፊት ለፊት ክፍል የስፌት መኪናዋ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ውስጠኛው ክፍል የአባቷ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ኮቱ የሚሰቀልበት ሚስማር። ቅሬታ ሰሚው ክራባታቸውን አስረው ቆመው ነበር። ካቻቢቴ ኮምፒውተሩን በቦታው አስቀምጦ አበራው። «ቋ» አለ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው የሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው ራቅ ብለው ተመለከቱት።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ ነው አባባ» አለች ልጃቸው።

«የኔማ ቢጫ ነው። ይሄ የሌላ ክፍል ነው። ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልለው ነው?»

ይህን ብለው ኮታቸውን ከሚስማሩ አወረዱ። የራሳቸውን ሊፈልጉ ወጡ። እሷ ከኋላቸው ሮጠች። ካቻቢቴ ባዶው ክፍል ውስጥ ከሠራው ሙሽራ ጋር ተፋጦ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው የለም። ነጩን ቀለም በሻይ ቀባው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ የታመመ እንጂ ያረጀ አልመሰለም። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን ግቢ ሁሉ አሰሰና የዚያኑ ኮምፒውተር መንታ አገኘ፣ ቢጫውንም ጨምሮ። ሆዱን ዳግመኛ በስቶ፣ ዳግመኛ ቆርጦ ዕቃውን ሁሉ አዛወረበት። እሷ እያሳየችው ጎኑ ላይ ጭረቱን ጫረ፣ አናቱ ላይ በትኩስ ስኒ ክቡን አተመ። በልቡ እየጸለየ አቀረበላቸው። ቅሬታ ሰሚው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና ጭረቱን በጣታቸው ተከተሉት።

«ይሄን ሰው ሆን ብሎ የሠራው ነው» አሉ።

የተጭበረበረ ደረሰኝ ሲያዩ ዕድሜ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ማን ያታልላቸዋል? ሁለተኛ ዞር ብለው አላዩትም።

የወሩ መጨረሻ እየቀረበ መጣ። ካቻቢቴ ሱቁ ውስጥ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያየው ይውላል። ይህ እጅ ያልፈታው ብሎን አልነበረም። አሁን የአንድ ሽማግሌ ሰላም የነበረበትን አንድ ቢጫ ፊት ፈግፍጎ ዱቄት አድርጎታል፣ ዱቄት ደግሞ ተመልሶ ፊት አይሆንም።

እሷ አንድም ቀን አልጮኸችበትም። ይልቁንስ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ በፊት ለፊቱ ክፍል ሲያንቀላፉ፣ ቀስ ብላ ነገረችው።

«ይበቃል። አትምጣ።»

«ትንሽ ጊዜ…»

«ጥፋትህን ከሚገባው በላይ ክሰሃል። የኔ ሰው፣ ተስፋ እየሰጠህ ባታደክመኝ ይሻላል።»

«የኔ ሰው» ያለችውን ሰማ። ሊናገርም ፈለገ። የሚመጣው ስለ ጥፋቱ እንዳልሆነ፣ ወይም ስለ ጥፋቱ ብቻ እንዳልሆነ። ግን አሁን እወድሻለሁ ቢል፣ እሳት ሊያጠፋ ገብቶ አልጋ እንደሚጠይቅ ሰው መሆን ነው። ዋጠው። ዕቃዬን ልሰብስብ ብሎ ውስጠኛው ክፍል ገባ፣ ኮምፒውተሩንም ሊዘጋው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በሩ ጋ ኮቴ ተሰማ። ቅሬታ ሰሚው ነቅተዋል። ክራባታቸውን እያስተካከሉ ገቡና የማያውቁት ሰው በማያውቁት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ አገኙ። ካቻቢቴ ደንግጦ ሊነሳ ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ጸሐፊው አንተ ነህ?»

ካቻቢቴ በትከሻቸው አሻግሮ እሷን አያት። እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች።

«አዎ» አለ።

«እንግዲያው ይሄ ያንተ ነዋ፤ ኮምፒውተርህን ይዘህ መጣህ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ስንት ጊዜ ረዳት ላኩልኝ ብዬ አመለከትኩ። ዓይኔ እየደከመ ነው እኮ፣ ማን ይሰማኛል። በል፣ ጻፍ። ለተከበሩ ደንበኛችን። ቅሬታዎ ደርሶናል።»

ካቻቢቴ በሁለት ጣቱ መጻፍ ጀመረ። ቅሬታ ሰሚው እጃቸውን አጣምረው ጠበቁት፣ ጠበቁት።

«ከየት ነው ያመጡህ?» አሉ። «ዶሮ እንኳን ከዚህ ፈጥና ትለቅማለች።»

በሩ ላይ የቆመችው ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቻቢቴ ከሰዓት ከሰዓት ሱቁን እየዘጋ ጸሐፊ ሆነ። ሰውየው ለመውጣት ሲነሱ ልጃቸው «ጸሐፊው ከምሳ በኋላ ይመጣል» ስትላቸው ይጠብቃሉ። የሥራ ሰው ናቸው፤ ጸሐፊ ተቀጥሮላቸው ትተው አይሄዱም።

ግን ይህን ሰምታችሁ ነገሩ ዳነ እንዳትሉ። ኮምፒውተሩ የሳቸው በነበረ ጊዜ ቤቱም የሳቸው ነበር። አሁን ቤቱ ጠቅላላ መሥሪያ ቤት ሆነ፣ ልጃቸውም ሻይ የምታመጣዋ ልጅ ሆነች። አባባ ስትላቸው ፈገግ ይላሉ፣ ጨዋ ልጅ ናት ይላሉ ለጸሐፊያቸው። አንድ ቀን ስኒውን ስታስቀምጥላቸው ጭንቅላቷን ዳበሱት።

«ያሳደገሽ ይባረክ» አሏት።

«አሜን» አለች።

ወጥታ የስፌት መኪናዋን አስነሳች። ካቻቢቴ ሲሰማው መኪናው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ ሥሩ ጨርቅ የለም። ምን ያድርግ? ተነስቶ ቢሄድ ሽማግሌው ይረበሻሉ፣ ቢቀመጥ እሷ ብቻዋን ናት። ተቀመጠና ጻፈ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ፣ ወንድሟም መጣ። መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። እህቱ የአባታቸውን ሻንጣ ራሷ አዘጋጅታ፣ ሸሚዞቹን ሁሉ ቁልፋቸውን አጥብቃ ሰፍታ አስቀምጣለች። ይሂዱም ይቅሩም ለማለት አቅም አልነበራትም። ወንድምየው ውስጠኛው ክፍል በር ላይ ሲደርስ ቅሬታ ሰሚው ብድግ ብለው ተቀበሉት።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ። ብዙ አስጠበቅንዎት መሰለኝ።»

ልጃቸው ነው፣ የበኩር ልጃቸው። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ እንደ ተማሪ ተቀመጠ።

«ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

ወንድምየው እህቱን አየ። ጸሐፊውን አየ።  ከዚያ ቃሉ ከየት እንደመጣ እሱም ሳያውቀው ከአፉ ወጣ።

«አባቴ ረሳኝ።»

 ቅሬታ ሰሚው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በክራባታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። የሚያስቡት ከልባቸው ነበር።

«ጻፍ» አሉ ቀስ ብለው። «ለተከበሩ ደንበኛችን። ቅሬታዎ ደርሶናል። መርምረነዋል። ቅሬታው ትክክል ነው። ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም።» ትንሽ ቆዩ። «ነገር ግን በዚህ መሥሪያ ቤት አቅም የሚፈታ ሆኖ አላገኘነውም። በዚህም ከልብ እናዝናለን።»

ካቻቢቴ ጻፈው። ፊደሎቹ በዓይኑ ውስጥ እየተቀላቀሉ ቢያስቸግሩትም ጻፈው።

ቅሬታ ሰሚው እጃቸውን ለደንበኛው ዘረጉ። ወንድምየው ያንን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። እሳቸውም አልነጠቁትም። እንዲህ የሚሆን ደንበኛ አይተው ያውቃሉ፤ እስኪበቃው ጠበቁት።

ወንድምየው በረንዳው ላይ ቆይቶ ፊቱን ታጥቦ መጣ። ለእህቱ ብዙ አላላትም። እዚህ ቢያንስ ሥራ አላቸው አለ። ሻንጣውን ራሱ ወደ ውስጥ መለሰና ብቻውን ሄደ።

*

እሷ ሸሚዞቹን ከሻንጣው እያወጣች መልሳ ስትሰቅል ካቻቢቴ በሩ ላይ ቆመ። ጀርባዋን እንደሰጠችው ጠየቀችው።

«እውነቱን ንገረኝ። የምትመጣው ስለ ጥፋትህ ነው?»

«መጀመሪያ ላይ አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁን… የኔ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው» አለ። «ጠዋቱን ዝም ብዬ ነው የማሳልፈው።»

ዞረች። ሸሚዙን ደረቷ ላይ ይዛው ቀረች። ብዙ አየችው፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አላሸሸም።

«እኔ ባዶ እጄን አይደለሁም» አለች። «እሳቸው አሉ። ነገ ደግሞ አንተንም ይረሱሃል፣ ያኔ ምን እንደምናደርግ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ሁለት ሆነን አንወቅ።»

ሸሚዙን ሰቀለችው። ከዚያ ማንኛዋም ሴት ልጅ የምትለውን አለች፤ ግማሹን በቀልድ፣ ግማሹን በእንባ።

«አባቴን ጠይቃቸው።»

ቀልድ መሆኑን ያውቃል። ግን ካቻቢቴ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው፤ አንዴ ሳያደርግ ቀርቶ የሆነውን አይቷል። በማግስቱ ጽፈው ሲጨርሱ እጁን ከቁልፎቹ አነሳ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት።»

«በል።»

«ያቺን ልጅ… ላገባት እፈልጋለሁ። ይፍቀዱልኝ።»

ቅሬታ ሰሚው በመነጽራቸው ላይ አዩት። ሻይ የምታመጣዋን ልጅ ነው? ብለው አጣሩ። እሷው ናት አላቸው። ደግ ልጅ መሆኗን፣ ምርጫው ጥሩ መሆኑን ነገሩት። ከዚያ ግን ገረማቸው።

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አባቷን ጠይቅ እንጂ። እኔ ሴት ልጅ የለኝም።»

ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

ካቻቢቴ አንገቱን ደፋ።   ቅሬታ ሰሚው አንገት መድፋቱን በሌላ ተረጎሙት፣ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ወደሱ ተጠጉ።

«አስቸጋሪ ሰው ነው?»

«አይደሉም። በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። ብቻ… አሁን ቢያነጋግሯቸው አይሰሙም።»

«አይዞህ» አሉ፣ ጉልበቱን መታ መታ እያደረጉ። «እምቢ ካለህ ለኔ ንገረኝ። እኔ አነጋግረዋለሁ። ስንቱን የተቆጣ ሰው አብርጄ ልኬያለሁ።»

እሷ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።  መጥታ በሁለቱ መሃል ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን አባቷ ጉልበት ላይ አደረገች። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ጸሐፊያቸውን አዩ፤ ከዚያ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ጠጉሯን እንደሚያውቁት ያህል ይደባብሱት ጀመር።

ቀለበቱን እዚያው ቤት አሰሩ። የስፌት መኪናው ወደ ጥግ ተገፍቶ ወንበር ተደረደረ፣ ጎረቤት መጣ፣ ወንድምየውም ከነቤተሰቡ መጣ። ሙሽራዋ የራሷን ቀሚስ ራሷ ሰፍታለች። ቅሬታ ሰሚው ክራባታቸውን አስረው ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጡ። ማን እንደሚዳር በውል ባያውቁትም ደስ ብሏቸዋል፣ ለሁሉም ፈገግ ይላሉ። መሃል ላይ ግን አንድ ነገር አሳሰባቸው። አጠገባቸው ወደተቀመጠው ትልቅ ሰው ጎንበስ አሉ።

«የልጅቷ አባት መጥተዋል?» አሉት በሹክሹክታ።

ወንድምየው ጉሮሮውን ጠረገ። «መጥተዋል።»

«እሺ አሉ?»

ወንድምየው እህቱን አያት። አንገቷን ወደ ባሏ ትከሻ ዘንበል አድርጋ እያየቻቸው ነበር።

«እሺ ብለዋል» አለ።

ቅሬታ ሰሚው ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። ፊታቸው ሲፈታ ታየ፤ ከብዙ ድካም በኋላ አንድ ፋይል እንደዘጋ ሰው።

«እኔ ነኝ እኮ ያነጋገርኩት» አሉ።